የተሸሸገ ሕመምና የትዳር ሰላም



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ባልና ሚስት መከባበር ብዙ ጊዜ ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ ጋራ የተያያዘ ሆኖ ሳለ፥ ስሙ ሲጠራ ሰው አንገቱን ስለሚደፋበት ነገር ነው። ይኸውም በሩካቤ ጊዜ የወንድ ዘር ያለ ፈቃዱ ቀድሞ ስለ መፍሰሱና ለዚሁም ሕመም በዘመናችን ሐኪሞች ስለሚሰጡት መድኃኒት ነው። ነገሩ ለጆሮ የሚያሳፍር መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር አስቀድሜ ይቅርታውን እለምናለሁ፤ ነገር ግን ነውር ነው ተብሎ በመሸሸጉ ምክንያት የእኔ ቤት ለመፍረስ ምን ያህል ቀርቦ እንደ ነበረ ካነበበ በኋላ ፍርዱን ለራሱ እተወዋለሁ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። እኔም ይህንኑ ተረት በየሽምግልናው ላይ ለሌላው ሰው ስናገር ኖሬአለሁ፤ ለራሴ ግን ሳልሰማው ሰባት ዓመት አለፈ።

ይህንን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምክንያት እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመዳችን የሆነ ወጣት ከሚስቱ ጋራ ሊፋታ ነው ተብሎ፥ እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ ተቀመጥሁ። ልጅቱ ምን በደለሽ ተብላ ብትጠየቅ «አልበደለኝም» አለች። እርሱም ምን በደለችህ ቢባል «አልበደለችኝም፤ ብቻ አልተስማማንም» አለ። ሰክሮ አይገባም፤ አይማታም፤ ደመወዙን ለቤቱ ያመጣል። ሽማግሌዎቹ የሚይዙት ነገር አጥተው እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔ ግን የልጁን ዓይን ስመለከት ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስተዋት ውስጥ አየው የነበረው የራሴ ዓይን መሰለኝ። ጉባኤው ሲበተን እጁን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድሁትና ከዚህ በታች የምጽፈውን ታሪኬን ነገርሁት። ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፤ እርስዎም?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያች በአንዲት ቃል ውስጥ ይህ ሰው ስንት ዓመት ብቻውን እንደ ኖረ ተረዳሁ። ለእርሱ በጓሮ የነገርሁትን ለሌሎቹ በጋዜጣ ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

እኔ ያገባሁት በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ነው። ባለቤቴ አስተማሪ ናት፤ ጠባይዋ መልካም፥ ሥራ ወዳድ፥ በዘመድም በጎረቤትም ዘንድ የተመሰገነች ሴት ናት። የጫጉላችን ጊዜ ሳይፈጸም ግን በእኔ ላይ ያለው ጉድለት ተገለጠ። ሩካቤያችን ገና ከመጀመሩ ያልቅ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ፥ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ነው። በመጀመሪያ የሠርጉ ድካም ነው ብዬ አለፍሁት። ከዚያም የሥራ ሐሳብ ነው አልሁ። ከዚያም የምክንያቱ ዓይነት ሁሉ አለቀብኝ።

እርስዋ ምንም አልተናገረችም፤ ሴት ልጅ ስለዚህ ነገር አትናገርም ተብላ አድጋለችና። እኔም ምንም አልተናገርሁም፤ ወንድ ልጅ ድካሙን አይገልጥም ተብዬ አድጌአለሁና። እንደዚህ ሁለታችንም የአስተዳደጋችንን ሕግ ጠብቀን ዝም አልን። በ2009 ዓ.ም. ሴት ልጃችን በተወለደች ጊዜ ዘመድ ሁሉ ደስ አለው፤ ልጅ ካለ ሁሉ ነገር ደኅና ነው ተባለ። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ከመውለድ አያግድምና በውጭ ላለ ሰው የሚታይ ምልክት የለውም።

ከዚያ በኋላ ከቤቴ መሸሽ ጀመርሁ። ከቢሮ የምወጣው ከሁሉ በኋላ ሆነ። ለመስክ ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ማን ነው ሲባል እጄን ቀድሜ የማነሣው እኔ ነበርሁ። አለቃዬም ስለ ትጋቴ በጉባኤ ፊት አመሰገነኝና የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። ያ ወረቀት ዛሬም በቤቴ አለ፤ ባየሁት ቁጥር አፍርበታለሁ። ቤት ባለሁበት ጊዜ ደግሞ ባለቤቴ እስክትተኛ ድረስ በቴሌቪዥን ፊት እቀመጥ ነበር። እርስዋም እንቅልፍ ሳይወስዳት የተኛች መስላ ዓይንዋን መክደን ለመደች። ይህንንም ሁለታችን እናውቅ ነበር።

መድኃኒት መፈለግ የጀመርሁት በስውር ነው፤ በስውር የሚፈለግ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከማያውቅ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ወዳጄ ጥቂት አረቄ ቀምሶ መግባት እንደሚያዘገይ ነገረኝ። ሞከርሁት። ለጊዜው ያዘገየ መሰለኝ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሕመሙ እንዳለ ሆኖ መጠጡ ተጨመረብኝ። ቀጥሎ ከአንድ ነጋዴ ስሙን በሹክሹክታ የነገረኝን ኪኒን ገዛሁ። ፊቴ ቀላ፤ ራሴን አመመኝ፤ ልቤ መታ፤ የዘሩ መፍሰስ ግን እንደ ቀድሞው ነበረ። በሦስተኛው ጊዜ ቆዳን የሚያደነዝዝ ቅባት አገኘሁ። አጠቃቀሙን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ሳልጠርገው ቀረሁና እኔም ባለቤቴም ምንም የማይሰማን ሆነን ተነሣን። እርስዋ ምን እንደ ሆነ ብትጠይቀኝ አላውቅም ብዬ ዋሸሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያ ውሸት እስከ ዛሬ ይቈረቍረኛል።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የባለቤቴ አክስት ወደ ቢሮዬ መጥተው «ልጄ፤ ሌላ ሴት ካለችህ ቁርጡን ንገረን፤ ልጃችን ቀን ከሌት ታለቅሳለች» አሉኝ። እኔ ሌላ ሴት የለችኝም ብዬ ማልሁላቸው። እርሳቸውም አላመኑኝም፤ በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ባላመንሁ ነበር። በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ሐኪም ሄድሁ።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፥ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ነገሩን ለመግለጥ ቃል ስፈልግ ብዙ ጊዜ ተንተባተብሁ። እርሳቸው ግን ስለ ጉንፋን የሚጠይቁ ያህል ሳይደነግጡ ጠየቁኝ። ከመጀመሪያ ጀምሮ ነው ወይስ በቅርብ የመጣ? ሁል ጊዜ ነው ወይስ አንዳንድ ጊዜ? ብልትዎ ይቆማል ወይስ እርሱም ደክሞአል? የሽንት ሕመም አለብዎን? መጠጥ ይጠጣሉን? ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለን? ይህን ሁሉ የሚጠይቁበትንም ምክንያት ነገሩኝ። ከመጀመሪያ ያልነበረና በኋላ የመጣ ሲሆን ከበስተኋላው ሌላ ደዌ ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ የፕሮስቴት እጢ ብግነት፥ የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ መሥራት፥ ወይም የብልት አለመቆም ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ሲሆን አስቀድሞ የሚታከመው ያ ደዌ ነው። የእኔ ግን ከመጀመሪያውም አብሮኝ የነበረ ዓይነት ነው አሉኝ።

እኔም «ዶክተር፤ እኔ ከወንድ በታች ነኝን?» ብዬ ጠየቅሁአቸው። እርሳቸውም በፈገግታ ቍጥር ነገሩኝ። (ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር ሐኪሞች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2005 በኔዘርላንድ፥ በእንግሊዝ፥ በስፔይን፥ በቱርክና በአሜሪካ የሚኖሩ 500 ያህል ባልና ሚስቶች በሰዓት እየተለካ ሲመዘገብ፥ መካከለኛው ልክ 5.4 ደቂቃ ሆኖ ተገኘ። ሰው በየመጠጥ ቤቱ የሚፎክርበት ግማሽ ሰዓትና አንድ ሰዓት ለብዙው ሰው ወሬ ነው። በ2014 ደግሞ ዓለም አቀፍ የሆነው የዚሁ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር በሽታው የሚባለው ምን እንደ ሆነ ሲወስን ሦስት ነገር አስቀመጠ። ከመጀመሪያ ጀምሮ ለነበረበት ሰው አንድ ደቂቃ ያህል በሆነ ጊዜ ውስጥ ሁል ጊዜ ወይም ከሞላ ጎደል ሁል ጊዜ መፍሰሱ፤ ሰውዬው ለማዘግየት አለመቻሉ፤ በዚህም ምክንያት ማዘኑና ከሩካቤ መሸሹ ነው። ሦስተኛውን ሲያነቡልኝ የምስጋና ወረቀቴ ትዝ አለኝ።

ቀጥለውም የመድኃኒቱን ታሪክ እንዲህ አድርገው አስረዱኝ። የዘር መፍሰስ የሚታዘዘው በአንጎልና በጀርባ አጥንት ውስጥ ባለው ነርቭ ነው። ከነርቭ ወደ ነርቭ መልእክት ከሚያስተላልፉት ቅመሞች አንዱ ሴሮቶኒን ይባላል፤ ይህ ቅመም በነርቮቹ መካከል ሲበረክት ፍሰቱ ይዘገያል። ይህንንም ሐኪሞች ያገኙት አስበውት አይደለም። ለድብርት ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ወንዶች «ዘራችን እጅግ ዘገየብን» እያሉ ያማርሩ ነበር። ለአንዱ ጉዳት የሆነው ለሌላው መድኃኒት ሊሆን ይችላል ተብሎ በ1973 ክሎሚፕራሚን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ለዚህ ሕመም ስለ መዋሉ ተጻፈ። በ1994 ደግሞ ዋልዲንገር የሚባሉ የኔዘርላንድ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ፓሮክሴቲን የሚባለውን ኪኒን መድኃኒት ከሌለበት ኪኒን ጋራ አስተያይተው ጥቅሙን አስታወቁ። ለዚሁ ሕመም ብቻ ተብሎ የቀረበው ዳፖክሴቲን ነው፤ እርሱም በ2009 በመጀመሪያ በፊንላንድና በስዊድን ተፈቀደ። ዳፖክሴቲን በየቀኑ አይወሰድም፤ ከሩካቤ በፊት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓትም ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መውሰድ ክልክል ነው።

«ተአምር እንዳይጠብቁ» አሉኝ ሐኪሙ። «በ2006 በአሜሪካ አገር 2614 ወንዶች የተመረመሩበት ጽሑፍ ታትሞአል። ሰዎቹ ሲጀምሩ አንድ ደቂቃ አይሞላላቸውም ነበር። ከ12 ሳምንት በኋላ 30 ሚሊግራም ዳፖክሴቲን የወሰዱት 2.78 ደቂቃ፥ 60 ሚሊግራም የወሰዱት 3.32 ደቂቃ ደረሱ። ነገር ግን መድኃኒት የሌለበትን ኪኒን የወሰዱትም 1.75 ደቂቃ ደርሰዋል። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ሌላ ተስፋ ማድረግና ከባለቤት ጋራ ሆኖ ነገሩን መከታተል የራሱ ኀይል እንዳለው ይወቁ። ባለቤትዎ ያውቃሉን?»

አያውቁም አልሁ። «እንግዲያስ ግማሹን መድኃኒት ሳይወስዱ ሊሄዱ ነው» አሉኝ። እኔም ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ብዬ ሌላ ውሸት ጨመርሁ።

ለእኔ የመረጡልኝ በየቀኑ የሚወሰደውን ፓሮክሴቲን 20 ሚሊግራም ነበር። በስውር የሞከርኋቸውን ሁሉ ከነገርኋቸው በኋላ አንድ በአንድ አረሙኝ። ከነጋዴው የገዛሁት ኪኒን የደም ሥርን ከፍቶ ብልት እንዲቆም የሚረዳ እንጂ ፍሰትን የሚያዘገይ አይደለም፤ ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከእርሱ ጋራ ቢቀላቅለው ሊሞት ይችላል። የሚያደነዝዘው ቅባት ደግሞ ሊዶካይንና ፕሪሎካይን ያለበት ከሆነ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በልክ ተቀብቶ፥ ሐኪም የወሰነው ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ መጠረግ ወይም መታጠብ አለበት፤ አለዚያ ወደ ሚስት ያልፋል። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰዎች ለዚህ ነገር በስውር እንደሚወስዱት ነግረው እጅግ አስጠነቀቁኝ፤ ሱስ ያስይዛል፤ ከፓሮክሴቲን ጋራ ከተቀላቀለም ሕይወትን የሚያሠጋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ፓሮክሴቲኑንም ቢሆን ሐኪም ሳያዝ በድንገት እንዳላቆም አዘዙኝ።

መድኃኒቱን ከመድኃኒት ቤት ተቀብዬ ወደ ቤቴ ይዤው ገባሁና በክረምት ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ሸሸግሁት። ሰው እንዳያየኝ ሌሊት ተነሥቼ እወስድ ነበር። በስምንተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ በጠረጴዛው ፊት ተቀምጣ አገኘኋት። የመድኃኒቱ ሣጥን ተከፍቶአል፤ የመግለጫው ወረቀት በፊትዋ ተዘርግቶአል። ልጃችንን ወደ እናትዋ ቤት ልካታለች። ቀና ብላ አየችኝና «ይህ የድብርት መድኃኒት ነው» አለችኝ። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከእኔ ጋራ መኖር ይህን ያህል ካሳዘነህ ለምን አልነገርኸኝም?» አለች።

ሰባት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። ንቃኛለች፥ ለእናትዋ ትነግራለች፥ ትፈታኛለች ብዬ ስፈራ፥ እርስዋ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በራስዋ ላይ ስትቈጥር ኖራለች። ተቀመጥሁና ሁሉን ነገርኋት፤ አረቄውን፥ የነጋዴውን ኪኒን፥ ስለ ቅባቱ የዋሸኋትን፥ የመስክ ሥራውን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። በመጨረሻም «እኔ ያላማርሁህ መስሎኝ ነበር። ከወለድሁ በኋላ የተጠላሁ መስሎኝ ነበር» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ባልና ሚስት ሆነን አብረን ስናለቅስ ያ የመጀመሪያችን ነበር። ጥቂት ቆይታ ዓይንዋን ጠረገችና ወረቀቱን ወደ ራስዋ ስባ «ይህን ኪኒን በስንት ሰዓት ነው የምትወስደው? በባዶ ሆድ እንዳይሆን፤ ማቅለሽለሽ ያመጣል ይላል» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑ ከካፖርቴ ኪስ ወጥቶ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ከጨው ዕቃው አጠገብ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለታችን አብረን ሄድን። ሐኪሙ ባለቤቴን በአክብሮት አስቀምጠው የእርስዋንም ሐሳብ ጠየቁአት። ከኪኒኑም ጋራ በቤት የሚደረግ ልምምድ አስተማሩን። ይህንን ዘዴ በ1956 ሲማንስ የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ጽፈውት ነበር፤ በ1970 ደግሞ ማስተርስና ጆንሰን በመጽሐፋቸው ከራሳቸው ዘዴ ጋራ አስፋፍተውታል። ዋናው ነገሩ ፍሰቱ መቅረቡን ባወቁ ጊዜ ማቆም፥ ስሜቱ እስኪበርድ መጠበቅ፥ እንደ ገናም መጀመር ነው። ይህ ግን በዝምታ ሊደረግ አይችልም፤ ባል «ቆይ» ማለት፥ ሚስትም መታገሥ አለባት። ለእኛ ያንን አንድ ቃል መናገር ከኪኒኑ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን።

መድኃኒቱ ሥራውን የጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ልዩነቱ የታወቀ ሆነ፤ አንድ ደቂቃ የማይሞላው ወደ አራትና አምስት ደቂቃ ደረሰ። እኛ በሰዓት አልለካንም፤ በግምት የምናገረው ነው። ጉዳቱንም ሳልሸሽግ ልናገር። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያቅለሸልሸኝ ነበር። ከዚያም ማዛጋት መጣብኝ፤ በአንድ ትልቅ ጉባኤ ላይ አለቃዬ ዓመታዊውን የሥራ መግለጫ ሲያነቡ እጅግ ደጋግሜ ከማዛጋቴ የተነሣ ወደ እኔ ዞረው ተመለከቱኝ። የሩካቤም ፍላጎት በመጠኑ ቀነሰብኝ። አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ስሄድ ኪኒኑን ረስቼ በመሄዴ አራት ቀን አቋረጥሁ፤ ራሴ ዞረ፥ እንቅልፍ አጣሁ፥ ኤሌክትሪክ በራሴ ውስጥ ብልጭ የሚል መሰለኝ። ሐኪሙ በድንገት አታቁም ያሉት ለምን እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ገባኝ።

በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ልጅ ለመውለድ አሰብን። ይህ ዓይነት መድኃኒት በአንዳንድ ወንዶች ላይ የዘርን ጥንካሬና እንቅስቃሴ ሊቀንስ ስለሚችል፥ ሐኪሙ በመስከረም ወር ልኩን በየሳምንቱ እየቀነሱ አስቆሙኝ። እንደሚጠበቀውም ሕመሙ ተመለሰ፤ እነዚህ መድኃኒቶች በሚወሰዱበት ጊዜ ይሠራሉ እንጂ ሕመሙን ከሥሩ ነቅለው አይጥሉትምና። የዘገየው ደቂቃ ከግማሽ በላይ ጠፋብን። ነገር ግን በ2007 ዓ.ም. የነበርነው ባልና ሚስት አልነበርንም። ልምምዱን እናውቃለን፤ ቅባቱን በልኩ መጠቀም እናውቃለን፤ ከሁሉ በላይ «ዛሬ አልሆነም» ብለን ስቀን መተኛት እናውቃለን። ወንድ ልጃችን በኅዳር 2016 ዓ.ም. ተወለደ። ከዚያ በኋላ እንደ ፍላጎታችን አንዳንዴ ወደ ኪኒኑ እንመለሳለን፤ አንዳንዴም እንተወዋለን፤ የምንወስነውም ሁለታችን ከሐኪሙ ጋራ ተማክረን ነው።

ስለ ኪኒኑ ከሰው የምሰማው ሁለት ዓይነት አነጋገር ነው። አንዳንዶቹ ይህ የሐሳብ ነገር ነው፥ መድኃኒት አያስፈልገውም ይላሉ። እነዚህ ተሳስተዋል፤ መድኃኒቱ ሲሠራ በራሴ ላይ አይቻለሁና። ሌሎቹ ደግሞ ኪኒኑን ብቻ ስጡኝ፥ ሌላውን ተዉት ይላሉ። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርሁ። ባለቤቴ ያንን ሣጥን ባታገኘው ኖሮ ኪኒኑ ደቂቃ ይጨምርልኝ ነበር፤ እርስዋ ግን የድብርት መድኃኒት የሚወስድ፥ ሌሊት ተነሥቶ የሚሸሸግ ባል ይዛ ትኖር ነበር። እንግዲህ መድኃኒቱ ለእኔ ያደረገው ትልቁ ነገር በኪሴ ውስጥ መገኘቱ ነው ብል አልዋሸሁም።

ይህን ጽሑፍ አንብቦ ነገ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጦ ፓሮክሴቲን ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ ቢኖር እንዳያደርገው እለምነዋለሁ። ኪኒኑ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋራ ይጣላል፤ ከመጠን ያለፈ የደስታና የቁጣ ስሜት የሚመላለስበት ሕመም ያለበትን ሰው ሊጐዳ ይችላል፤ በወጣቶችም ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም እየተከታተለ ይሰጣል። ዳፖክሴቲንም ቢሆን ራስ ሊያዞርና አንዳንዱን ሰው ሊጥለው ይችላል፤ ከመጠጥ ጋራ መቀላቀል ደግሞ ይህንኑ ያብሰዋል። ስለዚህ መንገዱ ወደ ሐኪም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጠቀስሁት ወጣት አንድ ቃል ጨምሬ ላብቃ። ጓሮ ከተነጋገርን በኋላ ሽማግሌዎቹን ለሁለት ወር ቀጠሮ እንዲሰጡ ለመንኋቸው፤ ምክንያቱን ቢጠይቁኝም አልነገርኋቸውም። ልጁም ወደ ሐኪም ብቻውን ሊሄድ ሲነሣ «ብቻህን አትሂድ፤ እኔ ብቻዬን ሄጄ ግማሹን መድኃኒት ትቼ መጥቻለሁ» አልሁት። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲጠብቁ ባልና ሚስት አልመጡም። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ልጅቱ በስልክ «ጋሼ፤ ይቅርታ፤ ዛሬ የሐኪም ቀጠሮ ስላለን መምጣት አልቻልንም» አለችኝ። እኔም ለሽማግሌዎቹ ሁለቱ አብረው ወደ አንድ ጉዳይ መሄዳቸውን ነግሬ ቡና እንዲጠጡ ጋበዝኋቸው።